ነቀዝ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሱሉልታ ከገባን ወዲህ ስንዴ የምንገዛው በኩንታል ነው። ባለፈው ክረምት ጆንያውን ስፈታው አፉ ላይ ጥቋቁር ነገር ይርመሰመሳል። እማዬ አየት አድርጋ «ነቅዟል» አለች። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነበር።

መጀመሪያ በወንፊት ነፋሁት። ጥርት ሲልልኝ መልሼ ከተትኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ወረረው። «ከየት መጣ?» ብዬ ግድግዳውን ሳስስ መልሱ ጆንያው ውስጥ ነበር። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን በአፏ ትበሳና አንድ እንቁላል ትጥልበታለች። ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች፤ በዓይን አይለይም። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል (እጭ) እዚያው ውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ነው ፍሬውን ቦርቡሮ የሚወጣው። በሞቃት አገር ይህ አምስት ሳምንት አካባቢ ይፈጃል፣ በእኛ ብርድ ይዘገያል። ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ የምናየው ነቀዝ አድጎ የወጣው ነው። ወንፊት የሚያወጣው እሱን ብቻ ነው።

ሁሉንም ትንሽ ጥንዚዛ ነቀዝ ማለትም ያሳስታል። የስንዴና የበቆሎው ነቀዝ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ጀርባው ላይ አራት የደበዘዙ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ሊኖሩት ይችላል። ዋናው ምልክቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ የወጣው አፉ ነው። ዱቄት ውስጥ የምትገኘው ቀይ ጠፍጣፋ ጥንዚዛ ግን ኩምቢ የላትም፣ ሌላ ዘር ናት። ሽምብራ ላይ የተለጠፉ ነጫጭ ነጥቦች ካያችሁም የሌላ ጥንዚዛ እንቁላል ነው። ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍራትም፤ ፍሬዋ ለአንድ እጭ እንኳ አትበቃም!

ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ቆልዬ አሰጣሁት። ነቀዙ ሙቀቱን ሽሽት ወደ ታች ገባ። ሳሳ ተደርጎ ነው የሚሰጣው። የረገፉትን ደግሞ ሞተዋል ብዬ ግድግዳ ሥር ጠረግኳቸው። ነቀዝ ሲነኩት እግሩን አጥፎ የሞተ ይመስላል። ማታ ወደ ቤት ሲጓዙ አገኘኋቸው።

ጎረቤት ደግሞ «አንዲት ኪኒን ወሸቅ አድርግበት» አለኝ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ኪኒኑ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት በፍጹም አታስገቡት።

አሁን የምንጠቀመው አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። የደረቀ እህል ተሞልቶ እያንዳንዱ ድርብ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥሮት ያልቃል። እዚህም ስህተት አለ፦ እማዬ ለቂጣ ብላ በየሁለት ቀኑ ትፈታው ነበር። በተፈታ ቁጥር አየር ይገባል። አሁን የወሩን ቀለብ በባልዲ አውጥተን ትልቁን አንነካውም። እሷ ግን አሁንም አታምነውም፤ ከባልዲው አንድ እፍኝ ውሃ ውስጥ ትጨምርና የሚንሳፈፈውን ትቆጥራለች።