የቤት ውስጥ የዘፈን ቀረጻ፦ ኢንተርፌስና ሶፍትዌር ከመቀየራችሁ በፊት

ቀረጻ አላምር ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይኩንና ጊታሩን በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ነው፤ እሱ ነፃ ከወጣ ደግሞ ሶፍትዌሩ። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገመድ፣ ያልተጫነች ቁልፍ ወይም ማንም ከፍቶ ያላየው የሴቲንግ ገጽ ነው። አዲስ ዕቃ በእርግጥ የሚፈታቸው ችግሮች ጥቂት ናቸው። እነሱም እዚህ ውስጥ አሉ።

ስትፈትሹ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ። ገመዱንም ድራይቨሩንም (ኢንተርፌሱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ባንዴ ቀይራችሁ ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንደነበር አታውቁም። ተመልሶ ሲመጣ ፍለጋው እንደገና ከዜሮ ነው።

ምንም ድምፅ አይገባም

ማይኩ ላይ እያወራችሁ ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የጌይን (የሚገባው ድምፅ የሚጎላበት መጠን) መብራት እዩ። አረንጓዴ ብልጭ ካለ ድምፁ ኢንተርፌሱ ድረስ ደርሷል፤ ችግሩ ከዩኤስቢው ወዲያ፣ ኮምፒውተሩ ዘንድ ነው። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ ከዩኤስቢው ወዲህ ነው፤ ማይኩ፣ ገመዱ ወይም ጌይኑ። ይህቺ ምርመራ ብቻዋን የፍለጋውን ግማሽ ታስቀራለች።

መብራቱ ካልበራና ማይኩ ኮንደንሰር ከሆነ 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ኮንደንሰር ያለዚህ ኃይል (ፋንተም ፓወር ይሉታል) ዝም ነው። ዳይናሚክ ማይክ አያስፈልገውም፤ በጤነኛ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ) ገመድ ከተሰካ ግን ቢበራበትም አይጎዳም። የድሮ ሪበን ማይክ ላይ ግን አታብሩት። ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ጌይኑንና የሄድፎኑን ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ሲበራና ሲጠፋ "ጓ" የሚል ድምፅ ይለቃል።

መብራቱ በርቶ ሶፍትዌሩ ዝም ካለ፣ ማክ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ፈቃድ ነው። ሲስተም ሴቲንግስ ገብታችሁ የማይክሮፎን ፈቃዱ ላይ ሶፍትዌራችሁ መብራቱን አረጋግጡ። ፈቃዱ በችኮላ ተከልክሎ ከሆነ ትራኩ ያለምንም የስህተት መልእክት ባዶውን ይቀዳል። ከዚያ በሶፍትዌሩ የኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ የትኛው መሣሪያ እንደተመረጠ እዩ። ጥርጣሬ ካለ የላፕቶፑን ገላ በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት። ኳኳታው ጎልቶ ከተቀዳ ስትቀዱ የቆያችሁት በላፕቶፑ በራሱ ማይክ ነበር ማለት ነው። በዋጋ ውድ ማይክ ፊት ተዘፍኖ በላፕቶፕ ማይክ የተቀዳ ዘፈን ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው።

ድምፁ ይገባል፣ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ደካማ ነው

የኢንተርፌሱን ማስገቢያ ቀረብ ብላችሁ እዩት። መሃሉ ላይ ወፍራሙ የ6.35 ሚሊሜትር ጃክ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ በዙሪያው ደግሞ የኤክስኤልአር ሦስት ቀዳዳዎች። አንድ ማስገቢያ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። በብዙዎቹ ኢንተርፌሶች ኤክስኤልአሩ ወደ ማይክ ፕሪአምፕ (የማይኩን ደካማ ድምፅ ወደሚያጎላው ማጉያ) ሲሄድ፣ ጃኩ ወደ ላይን (እንደ ኪቦርድ ላለ ጠንካራ ድምፅ) ወይም ወደ ጊታር መግቢያ ይሄዳል። በአንድ ጫፉ ኤክስኤልአር፣ በሌላው ጃክ በሆነ ገመድ ማይክ ከሰካችሁ የማይኩን ማጉያ አልፋችሁታል፤ 48 ቮልቱም በዚያ በኩል አይደርስም። መፍትሔው ሁለቱም ጫፉ ኤክስኤልአር የሆነ ገመድ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ጊታር ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጊታሩን ላይን መግቢያ ላይ ከሰካችሁት ቀጭን ድምፁ ይሞታል፣ ጨርቅ የተሸፈነ ይመስላል። ላይን መግቢያ በግምት 10 ኪሎኦም ሲሆን ባትሪ የሌለው የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) 1 ሜጋኦም አካባቢ ይፈልጋል። የጊታር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ። ኪቦርድ ስትሰኩ ደግሞ አጥፉት፤ አለበለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ጌይን ስታስተካክሉ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ፣ አዝማቹን፣ በሙሉ ድምፅ እየዘፈናችሁ ይሁን። "ቼክ፣ ቼክ" ብሎ ማስተካከል ጥቅም የለውም፤ ሰው ሲቀዳ ከልምምዱ ይልቅ ይጮኻል። ከፍተኛው ጫፍ ከ0 በታች ከ12 እስከ 10 ዴሲቤል ላይ ቢቆም በቂ ነው። በ24 ቢት እየቀዳችሁ ወደ 0 መጠጋት የሚያተርፈው ነገር የለም። 0 ላይ የተቆረጠ ድምፅ ግን በኋላ በደንብ አይጠገንም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጌይኑ ጥግ ደርሶም ድምፁ ካነሰ ወደ ግዢ የሚወስድ ምክንያት አገኛችሁ። እንደ ሹር ኤስኤም7ቢ ያሉ ዳይናሚክ ማይኮች 60 ዴሲቤል ያህል ንጹህ ጌይን ይፈልጋሉ። ኢንተርፌሳችሁ እዚያ ካልደረሰ ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው፦ በማይኩና በኢንተርፌሱ መካከል የሚገባ፣ በ48 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ማጉያ፣ ወይም ብዙ ጌይን ያለው ኢንተርፌስ። የመጀመሪያው ይቀላል።

የራሴ ድምፅ ዘግይቶ ጆሮዬ ይደርሳል

ይህ ላተንሲ ነው፤ ብዙ ኢንተርፌስ በከንቱ የሚቀየርበት ቅሬታም ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን በቁራሽ በቁራሽ እየሰበሰበ ነው የሚሠራው፤ የቁራሹ መጠን በፈር ይባላል። በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲለካ፣ 128 ሳምፕል (ልኬት) 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ 256 ደግሞ 5.3፤ 1024 ሲሆን 21.3 ይደርሳል። ይህ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ ይከፈላል፤ ዩኤስቢውና ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጡት መቀየሪያዎች የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ስለዚህ 1024 ላይ ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ ዘግይታችሁ ነው ራሳችሁን የምትሰሙት። ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ 40 ማለት አሥራ ሦስት ሜትር ርቆ ከቆመ ስፒከር ጋር መዝፈን ነው።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ በፈሩን ከመንካታችሁ በፊት የድራይቨሩን ዓይነት እዩ። ኤምኤምኢ ወይም ዳይሬክትሳውንድ ተመርጦ ከሆነ በፈሩ ቢቀነስም አይረባም፤ የኢንተርፌሱ አምራች ያወጣውን አሲዮ (መዘግየትን የሚቀንስ) ድራይቨር ጫኑና እሱን ምረጡ። አሲዮ ፎር ኦል የሚባለው የራሱ አሲዮ ድራይቨር ለሌለው መሣሪያ ነው፤ የአምራቹ እያለ እሱን መጫን ሌላ ችግር መጋበዝ ነው። ማክ ላይ ኮር ኦዲዮ አለና ይህን ገጽ ዝለሉት።

ከዚያ ስትቀዱ 128፣ ስታቀናብሩ 1024 አድርጉ። ይህን መቀያየር የሰነፈ ሰው ሁልጊዜ ወይ ይዘገይበታል ወይ ይቆራረጥበታል።

ኮምፒውተሩ 128ን ካልቻለ ኢንተርፌሱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚለውን አብሩ። ድምፃችሁ ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ሄድፎን ይመጣል። ይህን ስታደርጉ የትራኩን የሞኒተር ቁልፍ ሶፍትዌሩ ላይ ማጥፋት አለባችሁ፤ ካልጠፋ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ትሰማላችሁ፣ ቧንቧ ውስጥ የሚዘፍን ሰው ይመስላል። ጉዳቱ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ወይም ሌላ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ማቀነባበሪያ) ድምፃችሁ ላይ አለመስማታችሁ ነው።

በብሉቱዝ ሄድፎን አትቅዱ። መዘግየቱ ከሁሉም በላይ ነው፤ የትኛውም ሴቲንግ አያድነውም።

ስቀዳ ልክ ነበር፣ ሲጫወት ግን ከምቱ ወደ ኋላ ይቀራል

ሶፍትዌሩ የተቀዳውን ትራክ ወደ ፊት ስቦ በቦታው የሚያስቀምጠው ድራይቨሩ በሚነግረው መዘግየት ነው። ድራይቨሩ ሁልጊዜ ትክክል አይናገርም። መለካት ትችላላችሁ፦

1. ሄድፎኑን አውልቁ፣ ስፒከሩን አጥፉ። ከኢንተርፌሱ ላይን መውጫ ወደ ላይን መግቢያ በጃክ ገመድ ሰኩ። ዳይሬክት ሞኒተርንና የትራኩን ሞኒተር ሁለቱንም አጥፉ፤ አለዚያ ድምፁ እየዞረ ይጮኻል።
2. የሜትሮኖም ምት በፋይል መልክ አንድ ትራክ ላይ አስቀምጡ።
3. እያጫወታችሁ ሌላ ትራክ ላይ ቅዱት።
4. እስኪበቃ አጉልታችሁ የሁለቱን ሞገድ መነሻ ልዩነት በሳምፕል ለኩ።

በ48 ኪሎኸርዝ 48 ሳምፕል 1 ሚሊሰከንድ ነው፤ 240 ሳምፕል ከዘገየ 5 ሚሊሰከንድ። ይህን ቁጥር ሶፍትዌሩ የቀረጻ ሴቲንግ ውስጥ ትሞሉታላችሁ፤ ሪፐር ለዚህ ማኑዋል ኦፍሴት የሚባል ሳጥን አለው። በፈር ከቀየራችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይቆራረጣል

ያንኑ ቦታ ሦስት ጊዜ አጫውቱት። ቀጭታው ሁልጊዜ እዚያው ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፣ ሲቀዳ ነው የተበላሸው፤ ደግማችሁ መቅዳት ነው። ቦታውን የሚቀያይር ከሆነ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ማጫወቱ ከብዶት ነው። ለሁለተኛው በፈሩን ጨምሩ፣ ከባድ ፕለጊን ያለባቸውን ትራኮች ፍሪዝ አድርጉ (ለጊዜው ወደ ተዘጋጀ ድምፅ ለውጧቸው)። ለመጀመሪያው የላፕቶፑን የኃይል ሴቲንግ ከቁጠባ አውጡ፣ ለሙከራ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኢንተርፌሱን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ አውጥታችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ የራሱ ኃይል የሌለው ማከፋፈያ ይህንኑ ለአይጥም ለሃርድ ዲስክም ያካፍለዋል።

"እምምም" የሚል ድምፅ ከጀርባ አለ

እየቀዳችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ የመሬት መስመር ዑደት (ዕቃዎቹ ከመሬት መስመር ጋር ከአንድ በላይ መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠር) ነው፤ በባትሪ ቅዱ፣ ወይም ኢንተርፌሱንም ስፒከሩንም ላፕቶፑንም ከአንድ ማከፋፈያ አስነሱ፣ ለስፒከር የሚሄደውን ገመድ በባላንስድ (ከውጭ የሚገባ ጉርምርምታን በሚያስቀር) ገመድ ለውጡ። የመሬት መስመሩን ከሶኬቱ መቁረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ሰው ይገድላል። ቻርጀሩ ተነቅሎም ካልጠፋና ጊታር ከሆነ፣ ተቀምጣችሁበት በወንበሩ ላይ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። አንድ አቅጣጫ ላይ ከቀነሰ የነጠላ ኮይል ፒክአፕ ጠባይ ነው፤ እዚያው አቅጣጫ ላይ ሆናችሁ ቅዱ፣ ከስክሪኑም ራቅ በሉ።

አንድ ጆሮ ብቻ፤ ወይም ድምፁ ቀጥኖ ፈጥኖ

ድምፁ በግራ ብቻ ከተሰማ ትራኩን ስቴሪዮ አድርጋችሁት ነው። ሞኖ አድርጉትና መግቢያ 1ን ምረጡ። ቀጥኖና ፈጥኖ ከተጫወተ በ44.1 የተቀዳ በ48 እየተጫወተ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ተኩል ሴሚቶን ይጠጋል። ፕሮጀክቱንም ኢንተርፌሱንም አንድ ላይ አድርጉ። 48 ኪሎኸርዝ በ24 ቢት ለዘፈን ይበቃል፤ አንድ የሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 96 ፋይሉንም የኮምፒውተሩንም ሸክም እጥፍ ያደርጋል እንጂ የዘፈኑን ድርሰት አያሻሽልም።

ሶፍትዌሩ አላስኬደኝም

እዚህ ላይ ጥያቄው የትኛው ይሻላል ሳይሆን የምትሠሩት ምንድን ነው የሚል ነው። ኦዳሲቲ ድምፅ ለመቅዳትና ለመቁረጥ ጥሩ ነው፤ ሚዲ ኪቦርድ (የተመታውን ኖታ ለኮምፒውተሩ የሚልክ) ሰክታችሁ በቨርቹዋል ፒያኖ ለመጫወት ግን አልተሠራም። ማክ ካላችሁ ከጋራጅባንድ ጀምሩ፤ ነፃ ነው፣ ሥራችሁም በኋላ በሎጂክ ይከፈታል። የሚቀበለው ግን ኦዲዮ ዩኒትስ ፕለጊን እንጂ ቪኤስቲ አይደለም፤ ፕለጊን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ። ሪፐር በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፣ 60 ቀን ያለ ገደብ ያስሞክራል፤ አቀማመጡ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ነው። ዜማን ከሉፕ (ከሚደጋገም ቁራጭ ድምፅ) እየገነባችሁ የምትጽፉ ከሆነ ኤብልተን ላይቭ ይስማማችኋል። ፕሮ ቱልስ ኢንትሮ ነፃ ነው፣ ግን 8 የኦዲዮ ትራክ ላይ ይቆማል፤ ከጀርባ አጃቢ ድምፆችን ለሚደራርብ ሰው ቶሎ ያልቃል። ብዙ ኢንተርፌሶች ከአንዱ ሶፍትዌር ቀለል ያለ ቅጂ ጋር ስለሚመጡ ሳጥኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

ማስገቢያ አነሰኝ

ይህ በሴቲንግ አይፈታም። የሚቆጠረው በዘፈኑ ውስጥ ያለው የመሣሪያ ብዛት ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ነው። ሁሉን በየተራ የሚቀዳ ሰው በአንድ ማይክ መግቢያ ሙሉ አልበም ይጨርሳል። እየዘፈነ ጊታሩን በማይክ የሚቀዳ ግን ሁለት የማይክ ፕሪአምፕ ያስፈልገዋል፤ የመግቢያ ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትታለሉ፣ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ሁለት መግቢያ አለው፣ የማይክ ፕሪአምፑ ግን አንድ ነው። ሁለት የዩኤስቢ ማይክ ገዝቶ አንድ ላይ መቅዳትም ዊንዶውስ ላይ ያስቸግራል፤ ሶፍትዌሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ አንድ አሲዮ መሣሪያ ብቻ ነው የሚከፍቱት። ማክ ሁለቱን አግሪጌት ዲቫይስ አድርጎ ያጣምራል።

ወደፊት ድራም ለመቅዳት ካሰባችሁ አዳት የሚባል የኦፕቲካል መግቢያ ያለውን ፈልጉ፤ በኋላ በ48 ኪሎኸርዝ 8 ተጨማሪ መስመር ይቀበላል፣ በ96 ግን 4 ብቻ። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የአምራቹ ገጽ ላይ ገብታችሁ ለኮምፒውተራችሁ ስርዓት የወጣ ድራይቨር መኖሩን እዩ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መግቢያ በ48 ቮልት በርቶ በማይክ ሞክሩት፣ የጌይን ማዞሪያዎቹንም ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። ስታዞሩት "ክርርክ" የሚል ካለ ማዞሪያው ቆሽሿል ወይም አልቋል።