የሮምን የአይሁድ ሰፈር ከአስጎብኚ ጋር በእግር እንዴት እንደሚጎበኙ

የሮም የአይሁድ ሰፈር ትንሽ ነው። ዝም ብለው ካቋረጡት ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ብዙ ሰው ምሳውን ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምን ላይ እንደቆመ ሳያውቅ ይሄዳል። አይፈረድበትም። የድሮው ጌቶ፣ ማለትም አይሁድ በግንብ ታጥረው እንዲኖሩ የተገደዱበት ሰፈር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፈርሷል። ግንቡ የለም፣ በሮቹ የሉም፣ የተፋፈጉት ቤቶችም አብዛኞቹ የሉም። የቀረው ታሪክ በትንንሽ ነገሮች ላይ ነው ያለው፤ ካላሳዩት በቀር ዓይን አይገባም። ለዚህ ነው እዚህ ሰፈር ለአስጎብኚ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም የምለው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ

ቅዳሜ አይሂዱ። ሰንበት ስለሆነ ሙዚየሙና ምኩራቡ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። ዓርብም ከሰዓት በኋላ ቀድመው ይዘጋሉ። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የአይሁድ በዓላት ስለሚደራረቡ፣ ጉዞዎ በዚያ ወቅት ከሆነ የሙዚየሙን የሥራ ቀናት አስቀድመው ይመልከቱ። እኔ የምመርጠው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ፣ በጠዋት ነው። በተለይ በአውሮፓ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ ጉብኝቱን ያስጠላል።

2. አስጎብኚውን በጥያቄ ይለዩ

ሦስት አማራጭ አለ። አንደኛው የሙዚየሙ ትኬት ነው፤ ምኩራቡን ከአስጎብኚ ጋር ማየት በትኬቱ ውስጥ ይካተታል። ሁለተኛው ለራስዎ ወይም ለቤተሰብዎ የሚቀጥሩት አስጎብኚ ነው። ሦስተኛው «ነጻ» የሚባለው የቡድን ጉብኝት ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ ጉርሻ ይጠበቅበታል። በጣሊያን አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ስለሆነ፣ ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ምኩራቡ ውስጥ እንገባለን ወይስ ከውጭ አይተን እናልፋለን? ስንት ሰው ነን? ትኬቱ በሂሳቡ ውስጥ አለ? ጉብኝቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሁለት ሰዓት ያልሞላ ጉብኝት ላይ እኔ እምነት የለኝም። ከማኅበረሰቡ የተገኘ አስጎብኚ ካገኙማ እንዳያመልጥዎት። አያቱ ያደገችበትን ቤት የሚያሳይ ሰውና አጥንቶ የመጣ ሰው አንድ አይደሉም።

ጉብኝቶቹ በአብዛኛው በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። ሮም ውስጥ ደግሞ ብዙ ሐበሻ አለ። ቋንቋው የገባው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለዎት አብሮዎት ይምጣ፤ ለእሱም ቢሆን በየቀኑ በትራም የሚያልፈውን ሰፈር የማወቂያ ዕድል ነው።

3. አለባበስና መታወቂያ

መንገዱ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር። ለምኩራቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ወንዶች ራሳቸውን መሸፈን አለባቸው። ውስጥ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

መታወቂያ ይያዙ፤ ቦርሳ ይፈተሻል። በር ላይ የታጠቁ ጠባቂዎች ሲያዩ አይደንግጡ፤ ፎቶም አያንሷቸው። ኦክቶበር 9 ቀን 1982 ሰዎች ከጸሎት ሲወጡ በቦምብና በጥይት ጥቃት ደርሶ ስቴፋኖ ጋይ ታሼ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን ተገድሏል። ጠባቂዎቹ እዚያ የቆሙት ለዚህ ነው።

4. ከወንዙ ይጀምሩ

ብዙ ቡድኖች ከምኩራቡ ፊት ይነሳሉ። የሚቻል ከሆነ አስጎብኚዎን በቴቬሬ ወንዝ መካከል ካለችው ከቲበሪና ደሴት እንጀምር ይበሉት። አይሁድ ሮም ውስጥ መኖር የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። በጥንት ዘመን በብዛት የሰፈሩት ከወንዙ ማዶ፣ ዛሬ ትራስቴቬሬ በሚባለው ሰፈር ሲሆን፣ ወደዚህኛው ዳር የተሻገሩት በኋላ ነው። ከደሴቱ ወደ ሰፈሩ የሚያሻግረው ፖንቴ ፋብሪቺዮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 የተሠራ ድልድይ ነው፤ እስከ ዛሬ ሰው ይሄድበታል። የእነሱን አቅጣጫ ተከትለው ሲገቡ ታሪኩ በቅደም ተከተል ይመጣልዎታል።

ድልድዩን እንደተሻገሩ ሳን ግሬጎሪዮ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ፊቷ ላይ በዕብራይስጥና በላቲን የተጻፈ ጥቅስ አለ። ከኢሳይያስ 65 የተወሰደ ሲሆን፣ እግዚአብሔር ቀኑን ሙሉ እጁን ወደ ዓመፀኛ ሕዝብ እንደዘረጋ የሚናገረው ቃል ነው። ጽሑፉ ከጌቶው ለሚወጡ አይሁድ ፊት ለፊት ነበር። በዚያ ዘመን አይሁድ ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ የሚሰበክ ስብከት በግዴታ ይሰሙ ነበር። ከራሳቸው መጽሐፍ፣ ከራሳቸው ነቢይ ቃል ተመዝዞ ለተግሣጽ ተለጠፈባቸው። እዚህ ጋ ቆም ይበሉ።

5. የጌቶውን ወሰን እያሰቡ ይሂዱ

በ1555 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ አራተኛ አይሁድ በግንብ ታጥረው እንዲኖሩ አዘዘ። በሮቹ ሌሊት ይቆለፉ ነበር። ለመለያ ቢጫ ነገር ራሳቸው ላይ እንዲያደርጉ ተገደዱ። አሮጌ ልብስና ጨርቅ ከመነገድ በቀር ብዙ ሥራ ተከለከሉ። ቦታው ረባዳ ስለሆነ ወንዙ በሞላ ቁጥር ውኃ ይገባባቸው ነበር። ይህ ሁሉ ጨርሶ ያበቃው በ1870፣ ሮም ከጳጳሳቱ አገዛዝ ወጥታ ከጣሊያን መንግሥት ጋር ስትቀላቀል ነው።

አስጎብኚው ግንቡ የት የት እንዳለፈ በእጁ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። «አምስቱ ምኩራቦች» የነበሩበትንም ይጠይቁ። ለጌቶው የተፈቀደው አንድ ምኩራብ ብቻ ስለነበር፣ የተለያየ ሥርዓት ያላቸው አምስት ማኅበሮች በአንድ ሕንፃ ውስጥ አምስት የጸሎት ቤት አበጁ። ሕንፃው ዛሬ የለም። አደባባዩ ግን አሁንም በእነሱ ስም ይጠራል።

6. ፖርቲኮ ዶታቪያ

የሮማው ቄሳር አውግስጦስ ለእህቱ ለኦክታቪያ መታሰቢያ ያደረገው ሕንፃ ፍራሽ ነው። በመካከለኛው ዘመን የዓሣ ገበያ ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለውን የላቲን ጽሑፍ ያሳዩኝ ይበሉ። ከዚህ ድንጋይ የሚረዝም ዓሣ ከተገኘ፣ ጭንቅላቱ እስከ መጀመሪያው ክንፍ ድረስ ተቆርጦ ለከተማው ሹማምንት ይሰጥ ይላል። ልጆች ከያዙ ይህን ይወዱታል።

7. የናሱን ድንጋዮች ቀስ ብለው ያንብቡ

ከፖርቲኮው አጠገብ ያለው ቦታ «ኦክቶበር 16 ቀን 1943» ይባላል። የዚያን ቀን ቅዳሜ ንጋት ላይ የጀርመን ወታደሮች ሰፈሩን ከበው ሰዉን ከነልጁ ከየቤቱ አወጡት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሮም አይሁድ በ36 ሰዓት ውስጥ 50 ኪሎ ወርቅ እንዲያመጡ በጀርመኖቹ ታዘው፣ ቀለበቱንም ሐብሉንም አዋጥተው አስረክበው ነበር። ወርቁ አላዳናቸውም። በከተማው ሁሉ ከሺህ በላይ ሰው ተይዞ ከሁለት ቀን በኋላ በባቡር ወደ አውሽቪትዝ፣ ናዚዎች ፖላንድ ውስጥ ወዳቋቋሙት የሞት ካምፕ፣ ተጫነ። የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሴት አንድ ብቻ ነበረች፤ ስሟ ሴቲሚያ ስፒትሲኪኖ ይባላል። ሮም ውስጥ በስሟ የተሰየመ ድልድይ አለ።

አሁን ወደ መሬት ይዩ። በየደጃፉ አሥር ሴንቲ ሜትር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆኑ የናስ ድንጋዮች ተተክለዋል። ጉንተር ዴምኒግ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ የጀመረው ሥራ ነው። እያንዳንዷ ድንጋይ የአንድ ሰው ናት። «እዚህ ይኖር ነበር» ብላ ትጀምርና ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተያዘበትን ቀን፣ የተወሰደበትን ቦታ ትናገራለች። አንድ ደጃፍ መርጠው ሁሉንም ያንብቡ። ተመሳሳይ የአባት ስም ተደርድሮ ያገኛሉ። የትውልድ ዓመቱን ከ1943 ይቀንሱት። ከተጫኑት ውስጥ ከ200 በላይ ልጆች ነበሩ። አስጎብኚው እዚህ ጋ ከቸኮለ ይቅርታ ጠይቀው ይቆዩ፤ በኋላ ይደርሱበታል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ አንድ ነገር ልጨምር። የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት በአይሁድ ዜጎቹ ላይ የዘር ሕግ ያወጣው በ1938 ነው። በ1937፣ ኢትዮጵያን በወረረ ማግሥት፣ ጣሊያናዊ ከቅኝ ግዛት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር። ሁለቱ ሕጎች ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። አስጎብኚዎ ይህን ካላነሳ እርስዎ ያንሱበት።

8. ምኩራቡና ሙዚየሙ

ትልቁ ምኩራብ በ1904 ተመረቀ። ጉልላቱ አራት ማዕዘን ስለሆነ በክብ ጉልላት በተሞላችው ሮም ከሩቅ ይለያል። ሙዚየሙ ከሥሩ ነው። ከጌቶው ዘመን የተረፉ ጥልፍ ጨርቆች አሉ፤ ጨርቅ ብቻ እንዲነግድ የተፈረደበት ሕዝብ ከጨርቅ ምን እንደሠራ ይዩ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይስጡት።

9. ምሳ

የሰፈሩ ዝነኛ ምግብ ካርቾፊ አላ ጁዲያ ነው። አርቲቾክ የሚባለው አትክልት እንዳለ በዘይት ተጠብሶ ቅጠሉ እንደ ቺፕስ እስኪንኮሻኮሽ ይተዋል። ምርጥ ወቅቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከዓቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ሥጋም ቅቤም የለበትም፤ ለጿሚ የተመቸ ነው። ኮሸር በሚባለው የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠራ የሥጋ ምግብ ቤት ውስጥ ወተት አይገባም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ማኪያቶ ካማረዎት ሌላ ቤት ይሂዱ።

10. ጉልበት ከተረፈዎት

ኢየሩሳሌምን ለያዘው ሮማዊ ለቲቶ የቆመው የቲቶ ቅስት ከዚህ በእግር ሩቅ አይደለም። በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትፈርስ ከቤተ መቅደሱ የተዘረፈው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በቅስቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። የሮም አይሁድ ለዘመናት ከሥሩ አያልፉም ነበር ይባላል። ቅስቱ ያለው በሮማን ፎረም ክልል ውስጥ ስለሆነ ትኬት ያስፈልጋል። ትኬቱ ከኮሎሲየሙ ጋር አብሮ ስለሚሸጥ፣ ሁለቱንም ለማየት ካሰቡ አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙ፤ በር ላይ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው።