ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ፦ አዲስ የመጡ ቤተሰቦች ስለሚሰፍሩበት ስቴት ሕግ ሊያውቁት የሚገባ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ ከሚመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያርፉት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ነው። ገሚሱ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ገሚሱ ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ይኖራል። አካባቢው አንድ ከተማ ቢመስልም የሚተዳደረው በተለያዩ የስቴት መንግሥታት ነው፤ ለሕክምናና ለድጎማ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው ከፌዴራል መንግሥት ቢመጣም፣ በፌዴራል ሕግ ወሰን ውስጥ ማን እንደሚያገኘውና በየትኛው ቢሮ በኩል እንደሚሰጥ የሚወስነው ስቴቱ ነው። ስለዚህ ቴክሳስ የሚኖር ዘመድ «እኔ ተከልክያለሁ» ቢል ለሜሪላንድ ነዋሪ ማስረጃ አይሆንም። ሜሪላንድ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የሕክምና ሽፋን፣ ለጎልማሶች ያሰፋችው በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በ2019 ሲሆን፣ ቴክሳስ ይህን አላደረገችም።

አዲስ መጪዎችን በብዛት የሚያሳስተው የአምስት ዓመቱ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያላቸው አብዛኞቹ ጎልማሶች ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲቆዩ ያዛል። ይህን የሰሙ ወላጆች ለልጆቻቸውም ሳያመለክቱ ይቀራሉ፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በኋላ በ2009 የወጣ የፌዴራል ሕግ ስቴቶች ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ያለ መጠበቂያ ጊዜ እንዲሸፍኑ ስለሚፈቅድ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በዚህ ፈቃድ ተጠቅመዋል። ማመልከቻው ለቤተሰቡ አንድ ቢሆንም ውሳኔው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስለሆነ፣ አባት ቢከለከል እንኳ የአራት ዓመት ልጁ ሙሉ ሽፋን ልታገኝ ትችላለች። ነፍሰ ጡር እናትም ገቢዋ ከተወሰነው በታች ከሆነ ክትትሏና ወሊዷ ይሸፈናል፤ በሁለቱም ስቴቶች ሽፋኑ ከወሊድ በኋላ እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ለፉድ ስታምፕም (ለምግብ መግዣ ድጎማ) ቢሆን፣ የመጠበቂያ ጊዜው ግሪን ካርድ ያላቸውን ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አይመለከትም።

የመጠበቂያ ጊዜው የሚመለከታቸው ጎልማሶች ከሥራ ቦታቸው ኢንሹራንስ ካላገኙ ከስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ ይገዛሉ፤ በሜሪላንድ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ቨርጂኒያስ ኢንሹራንስ ማርኬትፕሌስ ይባላል። አዲስ የመጣ ሰው የዓመቱን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ የለበትም፤ ነገር ግን ከመጣበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። ከ2026 ጃንዋሪ ጀምሮ በአምስት ዓመቱ የመጠበቂያ ጊዜ ውስጥ ሆኖ ዓመታዊ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር በታች የሆነ ሰው የክፍያ ድጎማ ስለማያገኝ፣ የዓመቱን ገቢ ሲገምቱ ሥራ የሚጀመርበትን ጊዜ አስቦ በእውነት መሙላት ያስፈልጋል።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በድንገት ቢታመም ሆስፒታል ከመሄድ ወደኋላ እንዳይል አጥብቄ እመክራለሁ። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቁ በሽተኛውን መርምረው ከአደጋ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ሂሳቡ ግን በኋላ ወደ ቤት ይመጣል። በሜሪላንድ ሕግ ሆስፒታሎች ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ ለማይበልጥ ቤተሰብ አስፈላጊውን ሕክምና በነፃ መስጠት ስለሚኖርባቸው፣ ከመክፈልም ሆነ የክፍያ ውል ከመፈረም በፊት የሆስፒታሉን የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ መጠየቅ ይገባል። በተጨማሪም የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ እንዲቀርብ መጠየቅ መብት ነው፤ የእናቱን ሕመም እንዲተረጉም ልጅን ማስቀመጥ ለልጁም ለሕክምናውም መልካም አይደለም።

ከሜዲኬይድም ሆነ ከፉድ ስታምፕ ቢሮ የእምቢታ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ደብዳቤውን መጣል የለበትም፤ ይግባኝ የሚጠየቅበት ቀነ ገደብ እዚያው ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ወደ ትምህርት ስንመጣ በሁለቱም ስቴቶች ልጆች ከ5 እስከ 18 ዓመት መማር ግዴታቸው ሲሆን የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው። ለምዝገባ የአድራሻ ማረጋገጫ፣ የልደት ማስረጃና የክትባት ካርድ ስለሚጠየቅ፣ እነዚህን ከአገር ቤት ሳይዙ መውጣት ብዙ ያንገላታል። ለወጣቶች ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ማኅተም ያረፈበት የ9ኛና ከዚያ በላይ ክፍሎች ትራንስክሪፕት (የትምህርት ውጤት ዝርዝር) ነው። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚሰጠው በክሬዲት፣ ማለትም ለተጠናቀቀ ትምህርት በሚቆጠር ነጥብ፣ ሲሆን ሜሪላንድ 21፣ ቨርጂኒያ ቢያንስ 22 ክሬዲት ትጠይቃለች፤ አዲስ አበባ 11ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ትራንስክሪፕት ካላቀረበ የተማረው ሳይቆጠርለት ከ9ኛ ክፍል ሊጀምር ይችላል። ትምህርት ቤቱ የልጁን እንግሊዝኛ ፈትኖ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ክፍል ቢመድበው ወላጅ እንደ ውርደት ሊያየው አይገባም፤ ድጋፉ ልጁ በሒሳብና በሳይንስ ወደኋላ እንዳይቀር ያግዘዋል።

ኮሌጅ ለመግባት ያሰበ ሰው አድራሻው ክፍያውን እንደሚወስን ይወቅ። ለስቴቱ ነዋሪ የሚጠየቀው ዋጋ ከሌላ ስቴት ለመጣ ከሚጠየቀው እጅግ ያነሰ ነው፤ የሁለቱም ስቴቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመደበኛው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የ12 ወር ነዋሪነት ይጠይቃሉ። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ለፌዴራል የትምህርት እርዳታ ለማመልከት አምስት ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ የቤት ኪራይ ውል፣ የመንጃ ፈቃድና የስቴት ግብር ማስረጃ ቀናቸው በግልጽ እንደሚታይ ሆነው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቢቀመጡ፣ በተለይም በዓመቱ መካከል ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ቤት የመቀየር ሐሳብ ካለ የኮሌጁ ቆጠራ እንደገና ከመጀመሪያው እንደሚነሳ ቀድሞ ቢታሰብበት ይሻላል።