ጠዋት አንገትዎ አልዞር ሲል

ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አንገቱ አልዞር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ «ብርድ መታኝ» ይላል። ሕመሙ ሲነሱ ኖሮ ረፋድ ላይ የሚለቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ትራስዎን ይጠርጥሩ። የትራስ ዋና ሥራ በአንገትና በፍራሽ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው።

በጎን ሲተኙ ከሥር ያለው ትከሻ የሚያምዎ ከሆነ ትራሱ አንሶዎታል። እንቅልፍ ላይ ሆነው እጅዎን ትራስ ሥር መወሸቅዎም ያንኑ ይናገራል። ልኩን ለማወቅ ትከሻዎን ግድግዳ አስነክተው በጎን ይቁሙና ከግድግዳው እስከ ጆሮዎ ያለውን ርቀት ሰው ይለካልዎ። ትራሱ ጭንቅላትዎ ከተጫነው በኋላ የሚቀረው ውፍረት ወደዚያ መቅረብ አለበት። ለስላሳ ፍራሽ ትከሻን ስለሚያሰምጥ ትንሽ ይቀንሱለት።

በጀርባ ሲተኙ አገጭዎ ወደ ደረትዎ ከተጠጋ ትራሱ በዝቷል። ሁለት ትራስ ደርቦ መተኛት የለመደ ሰው ማጅራቱን የሚያመው በዚህ ነው። አንዱን ያንሱ፤ ትንሽ ፎጣ ጠቅልለው በትራስ ልብሱ ውስጥ ከአንገትዎ ሥር በሚውለው ጠርዝ በኩል ያስገቡ። ውድ ትራስ ከመግዛትዎ በፊት እባክዎ ይህን ለጥቂት ሌሊት ይሞክሩት።

በሆድ የሚተኙ ደግሞ አንገታቸው ሌሊቱን ሙሉ እንደተጠመዘዘ ያድራል። ስስ ትራስ ይሻላቸዋል፤ በጎን መልመዱ ግን ይበልጣል።

ልኩ ትክክል ሆኖ ሕመሙ ካልተወዎት ውስጡን ይዳብሱት። እናቴ ቤት የነበረው የጥጥ ትራስ መሐሉ ጎድጉዶ ዳርና ዳሩ እንደ ድንች ተቋጥሮ ነበር። ፍራሽ አዳሽ ተጠርቶ ጥጡ ሲነደፍ ያው አሮጌ ጥጥ አብጦ ከከረጢቱ ተረፈ። እናቴ «ሁሉንም አትጠቅጥቀው» ብላ ሁለት እፍኝ ያህል አስቀነሰች፤ ልክ ነበረች፤ የተጠቀጠቀ ትራስ እንደ ግንድ ይደርቃል። የስፖንጅ ትራስ ግን አይታደስም። አጥፈው ሲለቁት ካልተዘረጋ ወይም ቢጫ ብናኝ ካራገፈ ይቀይሩት።

ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስዎ ከሆነ የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ ጨርቁ በሚችለው መጠን በሙቅ ውኃ ይጠቡ፤ 60 ዲግሪ የአቧራ ተባዮችን ይገድላል። ትራሱንም ፀሐይ ላይ ያስጡት።

እጅዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ነገሩ ከትራስ ያለፈ ነውና ሐኪም ይየው። አንገትዎ የደረቀው ከትኩሳትና ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ከሆነ ደግሞ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።