የአቶም ሥዕል ሲያሳስተን

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚያው ቦታ ነው። ብዙውም የሚመጣው ሰሌዳ ላይ ከምንሥለው ክብ ነው።

የመጀመሪያው፣ ኤሌክትሮንን ፀሐይን እንደሚዞር ፕላኔት ማሰብ ነው። ኒልስ ቦር እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረበው ሥዕል በ1920ዎቹ በኳንተም ንድፈ ሐሳብ ተተክቷል። ኤሌክትሮን የተሠመረ መንገድ የለውም። ጠዋት የጮቄን ተራራ የሚያለብሰውን ጉም አስቡ፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። የአቶሙ ጉም ውፍረት የሚነግረን ኤሌክትሮኑ እዚያ የመገኘት ዕድሉን ነው። የጮቄ ጉም የብዙ ጠብታ ክምችት ነው፤ ይኼኛው ግን የአንድ ኤሌክትሮን ብቻም ሊሆን ይችላል።

መጠን ላይም እንሳሳታለን። አውድማ መሃል አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል የጤፍ ፍሬ አስቀምጡ። እሷ የሃይድሮጂን ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) ብትሆን፣ የአቶሙ ዳርቻ 30 ሜትር ያህል ይርቃታል። ከአቶሙ መጠነ ቁስ ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆነው ግን እዚያች ፍሬ ውስጥ ነው።

ኒውክለስን ከሚሠሩት ከፕሮቶንና ከኒውትሮን፣ «ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ውስጡም ቻርጅ የለም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ማሪ ጌል-ማንና ጆርጅ ዝዋይግ፣ እየብቻቸው፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ኳርክ ከሚባሉ ከነሱ ካነሱ ቅንጣቶች የተሠሩ ናቸው አሉ። ኒውትሮን ውስጥ አንድ «አፕ» የሚባል ኳርክ (ቻርጁ ሲደመር 2/3) እና ሁለት «ዳውን» (እያንዳንዳቸው ሲቀነስ 1/3) አሉ፤ ድምራቸው ዜሮ ይመጣል። ኤሌክትሮን ግን እስከ ዛሬ ሲፈተሽ ውስጡ ሌላ ነገር አልተገኘም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የመጨረሻው ነው። የአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት የፍሬዎቹ ድምር ነው። ፕሮቶንም እንዲሁ ይመስለናል፤ አይደለም። የሦስቱ ኳርኮች መጠነ ቁስ ቢደመር የፕሮቶኑን አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሆነው። ቀሪው ከኳርኮቹ እንቅስቃሴና ግሉዎን ከሚባሉት አስተሳሳሪዎቻቸው የሚመጣ ኢነርጂ ነው፤ ኢነርጂ ደግሞ፣ አይንስታይን እንዳሳየን፣ መጠነ ቁስ ሆኖ ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሂግስ ቅንጣት ሲገኝ «የክብደት ሁሉ ምንጭ» ተብሎ ነበር። ሂግስ የሚያስረዳው ግን የኳርክንና የኤሌክትሮንን የመሰሉ መሠረታዊ ቅንጣቶችን መጠነ ቁስ ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ለሚሄድ ሰው፣ ከ50 ኪሎው የኳርኮቹ ድርሻ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ጫንቃውን የሚጫነው ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል የታሰረ ኢነርጂ ነው።