የዳይኖሰር ልደት በባሕር ዳር፦ ምን ይበላሻል? በምን ይስተካከላል?

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ «የዳይኖሰር ልደት ነው የምፈልገው» ብሎ ከረመ። ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢያችን ደገስንለት። ከዚያ ወዲህ የእህቶቼንና የጎረቤቶቼን ልጆች ልደት ሳግዝ እነዚያው ችግሮች ሲመላለሱ አየሁ። ስለዚህ ምልክቱን፣ ምክንያቱን፣ መፍትሄውን ጽፌዋለሁ።

ኬኩ ጉብ ብሎ ይነሳና መሃሉ ይሰጥማል

ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፤ የከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ያለልክ ይለጠጣል፤ ኬኩ ሳይጠነክር ይነፋና ይወድቃል። ውሃም እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሊጡ ቶሎ ይደርቃል። ብዙዎቹ አሠራሮች ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው።

መፍትሄ፦ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ። ለአንድ ኩባያ ዱቄት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ወተት ወይም ውሃ ጨምሩ። ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፤ ኬኩ ሳይጠነክር የምድጃውን በር አትክፈቱ።

አስቀድሞ ከሰጠመባችሁ ግን አትጣሉት። ክቡን ኬክ በመሃሉ ለሁለት ቁረጡት። ሁለቱን ግማሾች የሰጠመ ፊታቸውን እርስ በርስ አድርጋችሁ በክሬም አጣብቁና የተቆረጠውን ጠርዝ ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት። ጎድጓዳው በክሬም ተሞልቶ ውስጥ ይቀራል፤ ከውጭ የሚታየው ስቴጎሳውረስ የተባለው ዳይኖሰር ጎባጣ ጀርባ ነው። ብስኩት በሦስት ማዕዘን እየቆረጣችሁ ጀርባው ላይ በሁለት መስመር፣ አንዱ ከሌላው ትይዩ ሳይሆን እየተፈራረቀ፣ ሰኩ። የእውነተኛው እንስሳ ሳህን መሰል አጥንቶችም እንዲያ ነበር የተደረደሩት። እኔ አሁን ኬኩ ባይሰጥምም የምሠራው እንዲሁ ነው።

እንግዳ መጥቶ ምግቡ አይነካም

የልደቱ ቀን ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ውሏል። ሕፃናቱ ባይጾሙም አዋቂዎቹ ይጾማሉ። በየዓይነቱ አቅርቡ፤ ኬኩንም የጾም አድርጉት፦ አንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዋ፣ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ ውሃ። እንቁላልም ወተትም አይገባበትም፤ የሚያነሳው የሶዳውና የአቼቶው መገናኘት ነው። ስለዚህ እንደተደባለቀ ወዲያው ምድጃ ውስጥ ይግባ። አሳ ካቀረባችሁ ለልጆቹ አጥንቱን በእጃችሁ ፈልፍላችሁ ስጡ።

እሳተ ገሞራው ትንሽ ይንፈቀፈቅና ይቆማል

በጠርሙስ የምንሠራው የመጫወቻ እሳተ ገሞራ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በሶዳው ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር ተጨምሮበት ነው። ፓውደሩ ውስጥ ስታርችና ሌላ አሲድ ስለተቀላቀለበት ለአቼቶው የሚተርፈው ሶዳ ጥቂት ነው። ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ሁለት ማንኪያ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ፣ ትንሽ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና አክሉበት፣ ቀይ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ፤ አቼቶው መጨረሻ፣ በአንዴ ይፍሰስ። ሳሙናው ጋዙን ስለሚይዘው አረፋው ቆይቶ ይወርዳል። ልጆቹን አንድ ሜትር አርቋቸው፤ አቼቶ ዓይን ያቃጥላል።

በጠርሙሱ ዙሪያ ጥቁሩን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ከግቢያችሁ ለቅማችሁ ከምሩ። እውነተኛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጣናም ሐይቅ የሆነው ቅልጥ አለት ፈስሶ የውሃውን መውጫ ስለዘጋው ነው።

አያት ቅር ይላታል

ይህን ሰው አይጽፈውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። እናቴ ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን ሥዕል ስታይ አማተበች። «ምነው ልጄ፣ በልጅ ልደት ዘንዶ?» አለችኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ አይቷል። ቅርፊት፣ ጅራት፣ ጥርስ ያለው ፍጡር ለእሷ ትርጉሙ አንድ ነው፤ እሱንም በልጅ ልጇ ደረት ላይ ማየት አትፈልግም።

መፍትሄው ቀኑ ሳይደርስ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። እኔ የዶሮ እግር ይዤ ሄድኩ። ቅርፊቱን፣ ወደ ፊት የተዘረጉትን ሦስት ጣቶች፣ ጥፍሩን አሳየኋት። ከዚያ የቲ-ሬክስን፣ የግዙፉን ሥጋ በል ዳይኖሰር፣ እግር ሥዕል አጠገቡ አደረግኩት። «እማዬ፣ ወፎች ሁሉ ከዳይኖሰር ዘር ናቸው፤ እግዜር የፈጠረው እንስሳ ነበር፣ ጠፋ» አልኳት። ዕድሜ ልኳን ዶሮ ያረባች ሴት ናት፤ እግሩን ገልበጥ አድርጋ አየችና «እውነትም የዶሮ እግር ነው» አለች። በልደቱ ቀን ለልጆቹ ስትነግራቸው የነበረችው እሷ ናት።

ቁፋሮው ቶሎ ያልቃል፣ ወይም እንቁላሉ አይሰበርም

ልጆቹ ሰብረው አሻንጉሊት የሚያወጡበት የዳይኖሰር እንቁላል የማይሰበረው በጄሶ ብቻ ስለተሠራ ነው። አንድ እጅ ጄሶ ለሦስት እጅ አሸዋ ይሁን፤ በማንኪያ ይፈረፈራል። ጄሶ ሲረጥብ ስለሚግል ልጆች በእጃቸው አያቡኩት።

ቁፋሮው ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ የሚወጣው ነገር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ሲሆን ነው። ከበዓል የተረፈ የዶሮ አጥንት ሰብስቡ፤ ቀቅላችሁ በሳሙና ፈትጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ፤ የተሰነጠቀውንና ስለታሙን አስወግዱ። ሳፋ ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ ቅበሩትና ለየልጁ የቀለም ብሩሽ ስጡ። የወጣውን ካርቶን ላይ እየደረደሩ ዶሮዋን መልሰው ይገጥማሉ። ከደረቷ የሹካ ቅርጽ ያላት አጥንት ስትገኝ ጨዋታውን አቁሙና አሳዩአቸው፤ ቲ-ሬክስም እንዲህ ያለች አጥንት ነበረችው። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ግን ትንንሽ ነገርም ፊኛም አትስጡ፤ ያንቃል።

ቁፋሮውን ሐይቁ ዳር አታድርጉት። የጣና ዳርቻ ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ከ9 ሰዓት ጀምራችሁ ከ12 ሰዓት በፊት ጨርሱ። በክረምት ከሆነ ቤት ውስጥ ይሁን።

ባለልደቱ ያለቅሳል

የዳይኖሰር ጭምብል ያደረገ ሰው በድንገት ገብቷል። በሦስትና በአራት ዓመት ጭምብሉንና ውስጡ ያለውን አጎት መለየት ይከብዳል፤ ስለዚህ «አትፍራ» ማለት አይሠራም። አጎትየው ባዶ ፊቱን ይግባ፣ ጭምብሉን ልጁ ራሱ ያጥልቅለት፣ ያውልቅለት። ያለቀሰ ልጅ እናቱ ነጠላ ሥር እስኪበቃው ይቆይ፤ አትጎትቱት።

ዕቃው አይገኝም

የማስጌጫ ዕቃ ካጣችሁ ቄጠማ ጎዝጉዙ፣ ደንገል በየጥጉ አቁሙ፣ የኮባ ቅጠል ስቀሉ። ካርቶን በሦስት ጣት ቅርጽ ብሱና ከበሩ ጀምሮ አመድ በወንፊት እየነፋችሁ ዱካ አትሙ።

ጥያቄው አያልቅም

«ድንቅነሽ አይታቸዋለች?» አላየችም፤ ዳይኖሰሮቹ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗል፣ እሷ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። «ጣና ውስጥ ነበሩ?» ያኔ ጣና አልነበረም። «አገራችንስ?» ነበሩ፤ ሙገር ሸለቆ ውስጥ ጥርሳቸው ተገኝቷል። «ቲ-ሬክስስ?» እሱ የሰሜን አሜሪካ ነው።

«ምን ያህላል?» ሲሏችሁ በቃል አትመልሱ። ቲ-ሬክስ 12 ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ የአራት ዓመት ልጅ ቁመት ደግሞ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ቄጠማው ላይ 12 ልጆች በጀርባቸው አስተኙ፣ የአንዱ እግር የሌላውን ራስ እየነካ። ልጅ ካነሰ አዋቂ ይጨመር፤ አንድ አዋቂ አንድ ሜትር ከግማሽ በላይ ይይዛል። ባለልደቱ ከጅራቱ ጫፍ እስከ አፍንጫው በሩጫ ይለካው።