ለሊንክድኢን የሚሆን የፕሮፋይል ፎቶ ደሴ ላይ በስልካችን እንዴት እናንሳ

ታናሽ እህቴ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቴክስታይል ተመርቃ ስራ መፈለግ ስትጀምር ሊንክድኢን (ስራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ድረ ገፅ) ላይ ያደረገችውን ፎቶ አየሁት፣ የዘመድ ሰርግ ላይ የተነሳችው ነው፣ አጠገቧ የነበረችውን ልጅ ቆርጣ አውጥታታለች ግን ትከሻዋ ላይ የሰው እጅ ቀርቷል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ፎቶው ግን እሱን አይናገርም። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳችን ላይ አስቀምጬ በራሷ ስልክ አነሳኋት፣ ብር አላወጣንም፣ ግማሽ ሰአትም አልፈጀብንም። ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ፣ ሊንክድኢን ፎቷችሁን በክብ ቆርጦ ነው የሚያሳየው፣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያየው ከስማችሁ ጎን በጣም ትንሽ ሆኖ ነው። ስለዚህ የጦሳን ተራራ ከኋላ አድርጋችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ለፌስቡክ ያምራል፣ እዚህ ግን ፊታችሁ የባቄላ ፍሬ ያክላል፣ ማን እንደሆናችሁ አይለይም። የምንፈልገው ከደረት በላይ ሆኖ ፊት ከክቡ ከግማሽ በላይ የያዘ ፎቶ ነው። የምረቃ ጋዋን የለበሳችሁትን ለሳሎን ግድግዳ ተዉት፣ ተመራቂ ሁሉ ያው አንድ አይነት ነው ያለው። ጉርድ ፎቶም ቢሆን ለመታወቂያ ነው እንጂ ሰው ተኮሳትሮና ደርቆ ነው የሚወጣበት፣ ሌላ ከሌላችሁ ግን ከተቆረጠ የሰርግ ፎቶ ይሻላል።

ዋናው ነገር ብርሀን ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ሰው ጥሩ ፎቶ ጥሩ ስልክ ይፈልጋል ይላል፣ እኔ ግን ርካሽ ስልክ በጥሩ ብርሀን ውድ ስልክን በመጥፎ ብርሀን ሲበልጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀትር ላይ ፀሀይ ከአናት ስትወርድ ከቅንድብ ስርና ከአፍንጫ ስር ጥቁር ጥላ ይሰራል፣ አይናችሁ ጉድጓድ ይመስላል፣ ደሞ ትጨፍናላችሁ። ጠዋት እስከ 3 ሰአት ድረስ ወይ ከሰአት ከ10 ሰአት በኋላ ይሁን። ደሴ በዚህ ታድላለች፣ በክረምት ጉሙ ከተማውን ሲያለብሰው ፀሀዩ ተበትኖ በሁሉም በኩል እኩል ይመጣል፣ ፎቶ ቤቶች ነጭ ጨርቅ የለበሰ መብራት ገዝተው የሚያመጡትን ብርሀን እኛ በነፃ ነው ያለን። ከሰአት ላይ ደግሞ ፀሀይ ቶሎ ከጦሳ ጀርባ ስለምትገባ ገና ሳይመሽ ጥላ ይሆናል፣ ሰማዩ ግን ብሩህ ነው፣ እሱ ሰአት ወርቅ ነው። ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ነው፣ ቆላ ቆላ ይላል፣ ፀሀዩም ሀይለኛ ነው፣ እዛ ያላችሁ ከዛፍ ስር አትቁሙ (በቅጠሉ መሀል የሚያልፈው ብርሀን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሰራል)፣ የቤት ጥላ ወይ በረንዳ ፈልጉ። ቤት ውስጥ ከሆነ መስኮት ፊት ለፊት ቁሙ፣ አምፖሉን አጥፉት፣ መስኮቱ ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ከኋላ የሚታየው ነገር ዝም ያለ ይሁን። የተለሰነ ግድግዳ በቂ ነው፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ በሉ ጥላችሁ እንዳይለጠፍበት። የተሰጣ ልብስ፣ የሚያልፍ ባጃጅ፣ የቢራ ማስታወቂያ እንዳይገባ አንዴ ዞር ብላችሁ እዩ።

ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የምትሰሩት ስራ ቦታ ላይ የሚለበሰውን፣ ብዙ ፅሁፍና አበባ የሌለበትን ልበሱ። የሰው ኮት ተውሳችሁ ከሆነ ትከሻው ይወድቃል፣ ያስታውቃል፣ ከሱ የራሳችሁ ንፁህ ሸሚዝ ይበልጣል። ሂጃብ የምትለብሱ እህቶች ሂጃባችሁ ምንም ችግር የለውም፣ ቀለሙ ብቻ ከግድግዳው ይለይ። ነጭ ሂጃብ ወይ ነጠላ ከሆነ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሀኑን ስለሚቀንስ ፊት ይጠቁራል፣ መፍትሄው ቀላል ነው፣ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩት፣ ከጎኑ ትንሽ የፀሀይ ምልክት ከመጣ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት።

አሁን ማንሳት። ሴልፊ አይሁን፣ ክንድ አጭር ስለሆነ ካሜራው በጣም ይቀርባል፣ ሲቀርብ አፍንጫ ያሳብጣል ጆሮ ያሳንሳል። ሰው ያንሳችሁ፣ በኋላኛው ካሜራ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ስልኩ ከአይናችሁ እኩል ሆኖ። እኔ ከእህቴ ረጅም ስለሆንኩ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች አነሳኋትና የ8ኛ ክፍል ተማሪ መሰለች፣ ከዛ በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ። ሌንሱን መጥረግ እንዳትረሱ፣ ኪስ ውስጥ ውሎ የጣት ቅባት ስላለበት ነው ፎቶው ጉም የሚመስለው። ካሜራው ላይ ቢዩቲ የሚለውን፣ ፊት የሚያሳምረውን፣ አጥፉት። ይሄን የምለው ከልቤ ነው፣ ያ ፊልተር ቆዳችንን አንጥቶ አፍንጫችንን አቅጥኖ ሌላ ሰው ነው የሚያደርገን፣ ኢንተርቪው የምትገቡት ግን እናንተ ናችሁ። አሁን በኤአይ ኮት አልብሰው የሚሰሩትም እንደዛው ነው፣ ከበሩ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ሰው ፎቶውን ሲፈልግ እናንተን ማጣት የለበትም።

"ሳቂ" ስላት ደረቀች። "ኮስተር በይ" ስላት የተቆጣች መሰለች። በኋላ ተውኩትና ስለ መመረቂያ ፕሮጀክቷ ጠየቅኳት፣ ጨርቅ ማቅለም ላይ ነበር የሰራችው፣ ቀለሙ ለምን እንደሚለቅ እያስረዳችኝ አይኗ በራ፣ ፊቷ ተፈታ፣ እኔም ዝም ብዬ እየሰማሁ ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። የተመረጠችው ፎቶ ከዛ መሀል ናት። ስለዚህ የሚያነሳችሁ ሰው ስለምትወዱት ስራ ይጠይቃችሁ፣ 40 ወይ 50 ያንሳ፣ አንዷ ትበቃለች።

ስትመርጡ ሶስት ብቻ አስቀሩና ስክሪኑ ላይ አሳንሳችሁ እዩዋቸው፣ ትንሽ ሆና የምትለየዋ ናት ጥሩዋ። ከዛ ለማያባብላችሁ ሰው ላኩ። እናታችን በጣም ያጌጠችውን መረጠች፣ እናት ናት፣ እኔ ግን እህቴን ለማታውቅ የስራ ባልደረባዬ ልኬ "ይቺ ልጅ ምን የምትሰራ ይመስልሻል?" አልኳት፣ "ኢንጂነር ነገር" አለች፣ በቃ አለቀ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትላላኩ በፋይል መልክ ይሁን፣ ዝም ብላችሁ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ስትጭኑት በሁለቱም በኩል ቢያንስ 400 ፒክስል ይሁን፣ ከ8 ሜጋባይት አይብለጥ። አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ ሊንክድኢን ላይ ፎቶውን ማን ያያል የሚል ሴቲንግ አለው፣ ከኔትወርካችሁ (እዛው ላይ ከተገናኛችኋቸው ሰዎች) ውጪ ላለ ሰው ዝግ ከሆነ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ቀጣሪ ባዶ ክብ ነው የሚያየው። ሴቶች ለደህንነት ብላችሁ መዝጋት ከፈለጋችሁ መብታችሁ ነው፣ እያወቃችሁ ይሁን ብቻ። ያንኑ ፎቶ ኢሜይላችሁና ቴሌግራማችሁ ላይም አድርጉት፣ ሲቪያችሁን ያየ ሰው ስትፅፉለት ወዲያው ይለያችኋል።

ጢም ስታሳድጉ፣ መነፅር ስትጀምሩ፣ ወይ ሁለት ሶስት አመት ሲያልፍ ደግሞ አንድ ጠዋት በርጩማውን በረንዳ ላይ አውጥታችሁ ሌላ ተነሱ።